የቨርጂኒያ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ

የቨርጂኒያ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በአሜሪካ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በጥር 1786 እ.ኤ.አ. የጸደቀ፣ ማንም ሰው ቤተ እምነት እንዲከተል ወይም በገንዘብ እንዲደግፍ መገደድን፣ በእምነቱም ሳቢያ መቀጣትን የሚከለክል ድንጋጌ ነው። ረቂቁን ቶማስ ጄፈርሰን በ1777 አዘጋጅቶት በ1779 ለምክር ቤቱ ቀረበ።

ከአሜሪካ አብዮት በፊት የቨርጂኒያ ይፋዊ ሃይማኖት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ነዋሪው ለካህናቷ መተዳደሪያ ግብር ይከፍል ነበር፤ ያለ ፈቃድ የሰበኩ ባፕቲስቶችም ይታሰሩ ነበር። ፓትሪክ ሄንሪ በ1784 ለክርስትና አስተማሪዎች የሚውል ግብር እንዲጣል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ጄምስ ማዲሰን በ1785 የተቃውሞ አቤቱታ ጻፈ፤ የሄንሪ ሐሳብም ውድቅ ሆነ። ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች ከማዲሰን ጎን ቆሙ። ከዚያም ማዲሰን፣ ጄፈርሰን በፓሪስ ሳለ፣ የጄፈርሰንን ረቂቅ እንደገና አንሥቶ አስጸደቀው።

የሕጉ መግቢያ በእምነትም በአመክንዮም ላይ ይቆማል፦ ፈጣሪ አእምሮን ነጻ አድርጎ ስለፈጠረ ማስገደድ ግብዝነትን ይወልዳል፤ እውነትም በነጻ ክርክር ራሷን ታስከብራለች ይላል። የኢየሱስ ክርስቶስ ስም በመግቢያው እንዲገባ የቀረበው ማሻሻያ በድምፅ ተሸንፏል።

አሜሪካ የተመሠረተችው በሃይማኖት ላይ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር፣ አንዱ ወገን ፈጣሪን የሚጠራውን መግቢያ፣ ሌላው አስገዳጅነትን የሚሽረውን አንቀጽ ይጠቅሳል። ሕጉ በ1791 ለጸደቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አርአያ ሆኗል። ጄፈርሰን በመቃብሩ ላይ እንዲጻፉ ከመረጣቸው ሦስት ሥራዎቹም አንዱ ነው።