ከየካ ዋሻ ሚካኤል እስከ መልካ ቁንጥሬ፤ የሁለት ጉዞ ማስታወሻ

ከቦሌ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የየካ ተራራ በየቀኑ በዐይኑ ፊት ነው። ከእኛ መካከል አብዛኞቹ በዚያ ሠፈር ያደግን ስንሆን፣ በተራራው ላይ ከዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያወቅነው ግን ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በሮማ ከተማ ሥር ስለሚገኙት የጥንት ክርስቲያኖች ዋሻዎች በሚገባ ተምረናል፤ ፈተናም ተፈትነንበታል። ስለ የካ ያነሣልን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ይህ አነስተኛ ጽሑፍ አምስት የታሪክ ተማሪዎች ባደረግናቸው ሁለት ጉዞዎች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል፣ ሁለተኛው በቡታጅራ መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም፣ ወደ ጢያና ወደ መልካ ቁንጥሬ ነበር። ሐሳባችን ስለ አራቱም ቦታ እኩል ለመጻፍ አይደለም። የካን ካየን በኋላ አንድ ጥያቄ ስለ ተከተለን፣ መልሱን ፍለጋ ወደ ደቡብ መውረዳችንን ለማስረዳት ነው። ጥያቄውም፤ አንድ ጥንታዊ ቦታ ስለ ራሱ የሚመሰክረው በምንድን ነው? በድንጋዩ ነውን፣ በጠባቂዎቹ ቃል ነውን፣ ወይስ በተጻፈ መዝገብ? የሚል ነው። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የካ የሄድነው ቅዳሜ ማለዳ ነው። በመገናኛ አድርገን በኮተቤ በኩል እስከ ተራራው ግርጌ በታክሲ ደረስንና ከዚያ ወዲያ በእግር ወጣን። አቀበቱ ለተማሪ እግር ከባድ አይደለም፤ ባሕር ዛፉ ግን አቅጣጫ ያስታል፤ እኛንም አንድ ጊዜ አስቶናል። ከተማው ከበስተኋላችን ወደ ታች እየሰፋ ሲሄድ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሕንጻው የተሠራው ዐለቱን በመፈልፈል ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተደረበም፤ ግድግዳውም ዐምዱም የዚያው የአንዱ ዐለት አካል ነው። ጠራቢው ሲሠራ የተሳሳተውን መልሶ ሊለጥፈው አይችልም ነበርና፣ መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ሕንጻውን በሙሉ በአእምሮው ይዞት ኖሯል ማለት ነው። ጣራው ግን በአብዛኛው የለም። ስለዚህ ዝናብ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ግድግዳውን የድንጋይ ሽበት ወርሶታል፤ ከላይ የበቀሉት ተክሎች ሥራቸውን በስንጥቁ ውስጥ ሰድደዋል። የግድግዳውን ርዝመት በገመድ ሁለት ጊዜ ለክተን ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር ስላገኘን እዚህ አላተምነውም።

በቦታው ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ ካህን ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሓ መሆናቸውን ነገሩን። ይህ የአካባቢው የቆየ ትውፊት ነው፤ እንደዚህ ከሆነ ዘመኑ 4ኛው መቶ ዓመት ይሆናል። ከእኛ አንዱ፣ በመጻሕፍት ያነበበውን ይዞ፣ «አባታችን፣ ሊቃውንቱ እኮ ከ12ኛው መቶ ዓመት በፊት አይሆንም ይላሉ» አላቸው። ካህኑ አልተቈጡም። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ስትጽፉ የኔን ቃል ትጽፉታላችሁ ወይስ ትሽሩታላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያ ሰዓት የረባ መልስ አልሰጠናቸውም። ከተራራው እስክንወርድ ድረስም በመካከላችን ክርክር ነበር።

ነገሩን በሥርዓት እንመልከተው። ዘመኑ ወደ ታች መውረድ አለበት ለሚለው ሐሳብ ጠንካራ ምክንያት አለ። የአክሱም መንግሥት ማእከል በሰሜን ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትና እስከዚህ የሸዋ ተራራ ደርሶ እንደዚህ ያለ ሕንጻ ማሠራቱን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አልተገኘም። በትግራይም የአብርሃና የአጽብሓ ሥራ የሚባሉ የዐለት አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ ከውቅሮ አጠገብ ያለው በስማቸው እስከ መጠራት ደርሷል። በሁሉም ቦታ የሚጠራ የንጉሥ ስም የአንድን ቦታ ዘመን ለመወሰን አይበቃም። በሌላ በኩል በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋ አስተምረዋል፤ ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሠ በኋላ የመንግሥቱ ክብደት ወደ ደቡብ ወርዷል፤ ዐምደ ጽዮንም ከ1314 እስከ 1344 ሲነግሥ ሸዋ የኀይሉ መሠረት ነበረች። በዐለት የመፈልፈል ጥበብ ከላስታ እስከዚህ ሊደርስ የሚችልበት በቂ ጊዜና በቂ ምክንያት ያለው በነዚህ መቶ ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ የካን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የሚያስቀምጡት ሊቃውንት ወደ እውነቱ የቀረቡ ይመስለናል።

ዘመኑ እንዲህ ቢሆን ግን የካህኑ ቃል ተሻረ ማለት ነውን? መጀመሪያ ላይ ሦስታችን «አዎ» ስንል ነበር፤ አሁን አንልም። ትውፊቱ ዓመት ባይሰጠንም ስለ አንድ ትልቅ መቋረጥ ይነግረናልና። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) በ1529 በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ በሸዋ የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ መጻሕፍትም አብረው ጠፍተዋል። በዚያው መቶ ዓመት ኦሮሞዎች በዚህ አገር ሠፈሩ፤ ሜዳውና ተራራው አዲስ ሕይወትና አዲስ ስም አገኘ። እንጨትና ሣር ይቃጠላል፤ ብራና ይቃጠላል፤ ዐለት ግን በቦታው ይቀራል። አሠሪው የተረሳ ሕንጻ ያገኘ ትውልድ ከሚያውቃቸው ነገሥታት ሁሉ ለቀደሙት ቢሰጠው አያስደንቅም። የአብርሃና የአጽብሓ ስም እዚህ የሚያስተላልፈው «ከእኛ በፊት የነበረ፣ እኛ ያልሠራነው» የሚለውን ቃል ነው። ይህም ራሱ ምስክርነት ነው።

ይህ መቋረጥ የምሥራቅ አዲስ አበባን ሜዳ በሙሉ የሚመለከት መሆኑን ለመረዳት ባራራ ስለምትባለው ከተማ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የኢትዮጵያ ነገሥታት መቀመጫ ሆና ትታያለች። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ስሟ ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ በተቀመጡ ጊዜ የጥንቱን የዐፄ ዳዊትን ከተማ አገኘን መባሉ ይታወሳል፤ አዲስ አበባ የተቈረቈረችው ከዚያ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ነው። በ2009 ሃርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ባራራ ባሳተሙት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ተራራ ያለውን አገር መርምረው ብዙ የጥንት ሠፈር ምልክቶችን መዝግበዋል። ባራራ በትክክል የት እንደ ነበረች ክርክሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ወጨጫን በምዕራብ የረርን በምሥራቅ ካደረግን፣ የካም ቦሌም በመካከል ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ከታሪክ ወጥተን ስለ ዛሬው አንድ ነገር እንበል። በቦሌና ከቦሌ ወደ የረር በሚወስደው ሜዳ ላይ ለፎቅ ቤት መሠረት የሚቈፈረው ጕድጓድ ሁሉ፣ የታሪክ መርማሪ ሳይኖርበት የሚደረግ የአርኪዮሎጂ ቍፋሮ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ደንግጓል። ነገር ግን ሸክላ ስባሪውን በአካፋ የሚያነሣው የቀን ሠራተኛ ያነሣው ነገር ቅርስ መሆኑን ካላወቀ ምኑን ያስታውቃል? ይህን የምንለው ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ራሳችን በልጅነታችን በነዚያ ጕድጓዶች ውስጥ ስንጫወት አድገናል።

ወደ ደቡብ የሄድነው ከሁለት ሳምንት በኋላ በእሑድ ቀን ነው። አዳዲ ማርያም ማለዳ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ የካው ከዐለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱም ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ እንዳሠራት ይናገራል። ከየካ የሚለያት ግን ዛሬም አገልግሎት የሚሰጥባት መሆኑ ነው፤ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በጢያ ብዙ አልቈየንም። 36ቱ የቆሙ ድንጋዮች፣ በብዙዎቹም ላይ የተቀረጹት ሰይፎች፣ የመቃብር ምልክት መሆናቸው በቍፋሮ ተረጋግጧል፤ ቦታው በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስለ ጢያ ሌላ ጊዜ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ብናቀርብ ይሻላል።

ጥያቄያችን መልስ የቀረበለት በመልካ ቁንጥሬ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳር ይገኛል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ሰውና ከብት ሲሻገርበት የኖረ ቦታ መሆኑን ስሙ ይናገራል። የሆላንዱ የውሃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር በ1963 የድንጋይ መሣሪያዎቹን ካየ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቈፈረ፤ ኋላም ጣሊያኖች ቀጠሉበት። በ2023 የታተመ ጥናት በዚሁ ደጋ ላይ ሰው የኖረው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ መሆኑን ከሕፃን መንጋጋ አስረድቷል። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጎምቦሬ በተባለው ቦታ ከ700,000 ዓመት በፊት ሕፃናት ጭምር ረግጠውት ያለፉት ጭቃ ዐሻራቸውን ጠብቆ መገኘቱን ገልጿል።

ቤተ መዘክሩ በጎጆ ቅርጽ የተሠሩ አራት ክብ ቤቶች ናቸው። ትልቅ ሕንጻ ጠብቆ የሚመጣ ጐብኚ ይገረም ይሆናል፤ እኛ ግን መጠኑን ወደድነው። ድንጋዩ የተገኘበት የአፈር ንብርብር ከድንጋዩ ጋር አብሮ ተገልጿል፤ ከዚያም ጥቂት ተራምዶ በጎምቦሬ አጥንቱና መሣሪያው በተገኘበት ወለል ላይ ሳይነሣ ይታያል። በአጠገቡ ያለው ባልጪት የሚባለው አገር ስሙን ከባልጩት ጋር የሚጋራ ነው። ባልጩቱ በጥንቱ ሰው እጅ መሣሪያ ሆኗል፤ ቅርብ እስከምንለው ዘመን ድረስም ቆዳ ፋቂዎች ተገልግለውበታል። መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት አብረው ነው።

እዚያ ቆመን የካን አሰብን። በመልካ ቁንጥሬ የሚናገር ሰው የለም፤ ከዚያን ዘመን ቃል የቀረለት ትውልድ የለምና። ድንጋዩ እንዲናገር ያደረገው መዝገቡ ነው፤ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር፣ ከየትኛው አጥንት ጋር እንደ ተገኘ ባይጻፍ ኖሮ የወንዝ ዳር ጠጠር ሆኖ በቀረ ነበር። በየካ ግን ድንጋዩም አለ፣ ቃሉም አለ። የጐደለው ጸሓፊ ነው። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ለቆየው ቦታ አራት ጎጆ ሲሠራለት፣ ባለ ቃሉ በሕይወት ላለው ለየካ በቦታው የምናነበው አንድ ሉክ ወረቀት እንኳን አላገኘንም።

የራሳችንንም ጕድለት እንናዘዝ። በየካ የጠየቅነው የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ብቻ ነው። በተራራው ግርጌና በሜዳው ከተማው ከመምጣቱ በፊት ያረሱትን፣ ከብት ያሰማሩትን የኦሮሞ ሽማግሌዎች አልጠየቅንም። ስለ ዐለቱ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ተራራው ስም እነርሱ የሚሉት ሌላ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚናገር እያለ ይህን አለማድረጋችን ሰበብ የለውም። መሬቱ ለቤት ሥራ ሲወሰድ ሽማግሌዎቹም በየአቅጣጫው ስለሚበተኑ፣ ይህ ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የሚተላለፍ አይደለም።

ስለዚህ በዚሁ ወር ወደ የካ ተመልሰን አንድ መዝገብ ጀምረናል። በመጀመሪያው ገጽ የካህኑን ቃል እንደ ተናገሩት፣ ዕለቱንና ቦታውን ጠቅሰን ጻፍነው፤ በሁለተኛው ገጽ ከላይ ያተትነውን የዘመን ክርክር አሰፈርን፤ ሦስተኛውን ለሽማግሌዎቹ ክፍት ተውነው። አንዱን ቅጂ ለራሳቸው ይዘንላቸው ሄድን። ከመካከላችን አንዱ ሲያነብላቸው ሁለቱንም ገጽ በጸጥታ አዳመጡ፤ ስለ 12ኛው መቶ ዓመትም ክፉ አልተናገሩም። ያስቆሙን በአንድ ቃል ላይ ብቻ ነው። «ፍርስራሹ» ብለን ጽፈን ነበር። «ቤቱ በሉት» አሉን። በሁለቱም ቅጂ ላይ ሠርዘን አስተካክለናል።