ማሰራጫው የማን ነው? ከአቃቂ እስከ አማተር ሬድዮ

በኒው ሀልፋ ገበያ የሬድዮ ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ሬድዮ ሁላችንም አይተናል። ይህ ግን መቀበያ ብቻ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም። አንድ ቀን ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ታዲያ የሚናገረው ዕቃ የታለ? ሲያረጅስ ምን ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የፊዚክስ ብቻ አይደለም፣ ታሪክም አለበት።

በአዲስ አበባ አጠገብ አቃቂ ላይ የሬድዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። የሚገርመው፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) የጣሊያን ጦር ለወረራ ሲዘጋጅ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ በሬድዮ የተናገሩት በዚሁ ጣሊያን በሠራው ጣቢያ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ የኢትዮጵያ ድምፅ እንደገና መሰማት ጀመረ።

አስመራም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። የጣሊያን ባሕር ኃይል ራዲዮ ማሪና ይለው የነበረውን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካኖች ያዙት። በ1953 ቃኘው ተባለ፣ በ1977 ተዘጋ። በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም.፣ ደርግ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ብሥራተ ወንጌል ሬድዮ ጣቢያ ወረሰ። ጣቢያው እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ስሙም መልእክቱም ሌላ ሆነ። ማሽኑ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ባለቤቱ ይለዋወጣል፤ ልማዱ ግን አይለወጥም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል።

ሌላ ዕድል የገጠማቸው አሮጌ ማሰራጫዎችም አሉ። በአሜሪካ ትንንሽ ጣቢያዎች በቫልቭ የሚሠሩትን 1000 ዋት ማሰራጫዎቻቸውን በትራንዚስተር ሲተኩ፣ እንደ ጌትስ ያሉትን አሮጌዎቹን የወሰዱ የአማተር ሬድዮ ሰዎች ናቸው። አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀት ብሎ፣ ተፈትኖና ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ሰው ነው። ቁም ሣጥን የሚያክለውን ብረት ተሸክመው ቤታቸው አስገቡት።

ሥራው እንዲህ ነው። የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት 1700 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያበቃል፣ የአማተሮቹ ደግሞ ከ1800 ይጀምራል። ጎረቤት ስለሆኑ ክሪስታሉን መለወጥና ጥቅል ሽቦዎቹን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኃይሉ ግን መቀነስ አለበት። በኤኤም አሠራር ድምፅ በሙሉ ሲጫንበት ኃይሉ ለቅጽበት 4 እጥፍ ይሆናል። እዚያ የሚፈቀደው ጣሪያ 1500 ዋት ነው። ተማሪዎች፣ 1500ን ለ4 አካፍሉ፤ 375 ዋት። የመጀመሪያው ትምህርት ግን ጥንቃቄ ነው። በውስጡ ከ2000 ቮልት በላይ አለ፤ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል።

ተጠግኖ ሲያልቅ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በአጠቃቀሙ ነው። ያ ለብዙ ሺህ ሰው ብቻውን ሲናገር የኖረ ማሽን አሁን የጥሪ ምልክቱን ተናግሮ ዝም ይላል፤ መልስ ይጠብቃል። በኢትዮጵያም ይህ ወግ አለ፤ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የአማተሮች ክበብ ኢቲ3ኤኤ በሚል ምልክት ይታወቃል።

እኛ ስደተኞች ያለ ፈቃድ ማሰራጫ መንካት የለብንም። በድንበር አካባቢ ደግሞ ራስንም ቤተሰብንም አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው። መቀበያ መፍታትና መግጠም ግን ማንም አይከለክለንም።

ማሽን የሚሞተው ስላረጀ አይመስለኝም፤ የሚያውቀው ሰው ሲጠፋ ነው እንጂ። በስደት ደግሞ የሚበተነው ይኸው የሚያውቀው ሰው ነው። ከመካከላችን በቴሌ፣ በጦር መገናኛ ወይም በሬድዮ ጥገና የሠሩ አባቶችና እናቶች አይጠፉም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው፦ ደብተር ይዛችሁ ሂዱና "ምን ትሠሩ ነበር? እንዴት?" ብላችሁ ጠይቁ። እነሱ ሲናገሩ እናንተ አዳምጡ፤ ከዚያ ጥያቄያችሁን መልሱላቸው።