የውድ እንጨት አምሳያ፦ የሸራ ጀልባ ወለል ታሪክ

በሸራ ጀልባ የውስጥ ክፍል ለረጅም ጊዜ የተለመደው ወለል፣ ሰፋፊ የቲክ ጣውላዎች በቀጫጭን የሆሊ መስመሮች እየተለያዩ የሚደረደሩበት ነው። ቲክ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅል፣ በውስጡ ባለው ቅባት የተነሣ ውሃን የሚቋቋም ቡናማ እንጨት ሲሆን፣ ሆሊ ግን እንጨቱ ወደ ነጭ ያደላ ዛፍ ነው። ብሪታንያ በ1885 እ.ኤ.አ. ላይኛውን በርማ ለመውረር ምክንያት ካደረገቻቸው ጉዳዮች አንዱ፣ በአንድ የቲክ ነጋዴ ኩባንያ ላይ የተጣለ ቅጣት መሆኑ የእንጨቱን ውድነት ያስረዳል።

ውድ እንጨትን በርካሽ ነገር የማስመሰሉ ሙያ ያደገው ግን በየብስ ነው። በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን የፈለሰፈው ሊኖሊየም፣ አየር አግኝቶ የረጋ የተልባ ዘይት ከቡሽ ብናኝ ጋር ተደባልቆ በጨርቅ ላይ የሚዳመጥበት ንጣፍ ነበር። በ1910ዎቹ በአሜሪካ የተፈጠረው ፎርማይካ የተባለው ላሚኔትም፣ ማለትም ስስ ንብርብሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚጠነክሩበት ሰሌዳ፣ መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ መከላከያነት ቢታሰብም፣ ኋላ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ተጨምሮበት ለቤት ዕቃ ገጽ ዋለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀልባ በፋይበርግላስ በብዛት መመረት ሲጀምር፣ ወለሉም ስስ የቲክና የሆሊ ልባስ በተለጠፈበት ፕላይውድ፣ ማለትም ተደራርበው በሙጫ በተጣበቁ ስስ የእንጨት ንጣፎች፣ ቀጥሎም መስመሮቹ በታተሙበት ላሚኔት ይሠራ ጀመር። የእንዲህ ያለው ወለል ዕድሜ የሚወሰነው ከሚያምረው ገጹ ይልቅ በጠርዙ ነው፤ ጠርዙ በኢፖክሲ ሙጫ በሚገባ ካልታሸገ ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ ንጣፎቹን ያላቅቃቸዋልና። ስለዚህ አምሳያው የእንጨቱን ዋጋ ቢያቀልም፣ የእጅ ሙያን ጥንቃቄ ግን አላስቀረም።