እልፍ ግልባጭ የወለደችው ኮብራ

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የመኪና መጽሔቶች አንዲት አዲስ የስፖርት መኪና እየተቀባበሉ ይሞክሩ ነበር። ይህ መጽሔት ሲያወጣት በአንድ ቀለም፣ ያኛው ሲያወጣት በሌላ ቀለም ትታያለች። አንባቢው ፋብሪካው ሥራ የበዛበት፣ መኪኖቹም በየዕለቱ ከበሩ የሚወጡ መሰለው። እውነቱ ግን መኪናዋ አንዲት ብቻ መሆኗ ነበር። የሻንሲ ቁጥሯ ሲኤስኤክስ 2000 ነው። ባለቤቷ ካሮል ሼልቢ ከአንዱ ጋዜጠኛ እጅ በተመለሰች ቁጥር አዲስ ቀለም እያስቀባ ለተከታዩ ይሰጣት ነበር። ብዙ መስላ የታየችው ያቺ አንዲት መኪና ኮብራ ናት።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በ1960ዎቹ የተሠሩት ኮብራዎች 1,000 ገደማ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ በሙዚየምና በሰብሳቢዎች ጋራዥ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። በመንገድ ላይ እያጓራች ያለፈችን ኮብራ «ግልባጭ ናት» ብሎ የሚወራረድ ሰው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። በዓለም ላይ የእሷን ያህል የተገለበጠች የስፖርት መኪና ማግኘት ይከብዳል። ለምን እሷ? መልሱን ለማግኘት ከሰውየው መነሳት ያስፈልጋል።

ሼልቢ በ1923 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን አብራሪዎች አስተማሪ ነበር። ከዚያ ዶሮ ማርባት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዶሮዎች አተረፉለት፤ ሁለተኞቹ በበሽታ አለቁና ከሰረ። እሽቅድምድም ሲገባ የገበሬ ቱታውን እንደለበሰ ይነዳ ስለነበር ቱታው መታወቂያው ሆነ። በ1959 ከሮይ ሳልቫዶሪ ጋር አስተን ማርቲን እየነዱ የ24 ሰዓቱን የለ ማን ውድድር አሸነፉ። በተከታዩ ዓመት ግን ልቡ ከዳው። የልብ ክኒን ምላሱ ሥር አድርጎ የተወዳደረባቸው ቀናት ነበሩ። በመጨረሻ መሪውን ለቀቀ። መንዳት የተከለከለ ሰው ከዚያ በኋላ ሌሎች የሚነዱትን መኪና ለመሥራት ተነሳ።

በ1961 ኤሲ ለተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ፋብሪካ ደብዳቤ ጻፈ። ኤሲ «ኤስ» የምትባል ቀላልና ውብ መኪና ነበረችው፤ የብሪስቶል ኩባንያ ሞተር ማቅረቡን ስላቆመበት ግን ተቸግሮ ነበር። ሼልቢ የአሜሪካ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ልክተትባት አለ። ፎርድም በዚያው ሰሞን ለክብደቱ ጉልበታም የሆነ አዲስ ሞተር አውጥቶ ነበርና ሰጠው። መኪናዋ ያለ ሞተር በአውሮፕላን ወደ ሎስ አንጀለስ መጣች። ሳንታ ፌ ስፕሪንግስ በሚገኘው የዲን ሙን ጋራዥ ውስጥ ሞተሩና ካምቢዮው በጥቂት ሰዓታት ተገጠሙላት። ኮብራ የሚለው ስም በሕልሜ መጣልኝ ይል ነበር ሼልቢ።

ስለ ግልባጭ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። የኮብራ መልክ ራሱ የተወረሰ ነው። የኤሲ ኤስን ሻንሲ የነደፈው ጆን ቶጄይሮ ሲሆን፣ እሱ ለውድድር ከሠራቸው መኪኖች የአንዷ ቦዲ የተቀረጸው የጣሊያኗን ፌራሪ 166 ባርኬታ በማየት ነበር። ኤሲ ያንን ቅርጽ ወስዶ በ1953 ለሽያጭ አቀረበ፤ ሼልቢም ከዚያ ተቀበለ። ስለዚህ በ1965 ጁላይ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ዕለት፣ የሼልቢ ቡድን በፈረንሳይዋ ሬምስ የጂቲ መኪኖችን የዓለም ሻምፒዮና ከፌራሪ እጅ ሲነጥቅ፣ ያሸነፈው የፌራሪን መልክ ተውሶ በተነሳ ዘር ነው። ይህን ሳስብ «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ቀስ ብዬ እንድጠቀምበት እገደዳለሁ።

በዚያ ሻምፒዮና በዋናነት የሮጠችው ክፍቷ ኮብራ ሳትሆን ፒተር ብሮክ የነደፋት ጣሪያ ያላት ዴይቶና ኩፕ ናት። የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዋ፣ ሲኤስኤክስ 2287፣ ለረጅም ዓመታት ከዓይን ጠፍታ ቆይታ በ2001 አካባቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ የዕቃ ማከማቻ ተገኘች። ዛሬ ፊላደልፊያ በሚገኘው የሲሚዮን ሙዚየም አለች። በ2014 የአሜሪካ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ሲከፈት በመጀመሪያ የሰፈረችው መኪና እሷ ነበረች። ብርቅ መኪና የሚፈልጉ ሰዎች የማንንም አሮጌ ጋራዥ ሳያዩ የማያልፉት እንዲህ ያለ ታሪክ ስለሚያውቁ ነው።

እውነተኛዋን ከግልባጩ እንዴት ይለዩአታል? ግልባጯን በመጀመሪያ የሚያጋልጣት ውበቷ ነው። አብዛኞቹ ግልባጮች የሚመስሉት በ1965 የመጣችውን ባለ ሰባት ሊትር ሞተር ኮብራ፣ በተለይም «ኤስ/ሲ» የምትባለውን ነው፤ ፓራፋንጎዋ ያበጠ፣ ኮፈኗ ላይ የአየር መሳቢያ ያላት፣ ጭስ ማውጫዋ በጎን የወጣ። ይህቺ ኤስ/ሲ ግን የተሠራችው ለውድድር ታስበው ሳይሸጡ ከቀሩ ሻንሲዎች ስለሆነ፣ ቁጥሯ ሠላሳ ገደማ ነው። በብዛት የምናየው መልክ በጣም ጥቂት የነበረው መልክ ነው። በአንጻሩ ጠበብ ያለ ጎማና ቀጫጭን ሽቦ ቸርኬ ያላት፣ ትሑት የምትመስል ኮብራ ስትገጥም ልብ ማለት ይገባል።

ማግኔት አይረዳም፤ የእውነተኛዋ አሉሚኒየምም የብዙ ግልባጮች ፋይበር ግላስም ማግኔት አይስቡም። ባለሙያዎች ግን በጣታቸው ቦዲውን ኳ ኳ ያደርጉታል። ላሜራ ድምፁ ይጠራል፤ ፋይበር ግላስ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ከሥር ያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ኮብራዎች በአግድም የተኛ ባሌስትራ አላቸው፤ የኋለኞቹ ሞላ። ሻንሲው ከሁለት ወፋፍራም ክብ ቱቦዎች የተሠራ ነው፤ አራት ማዕዘን ብረት ከታየ ነገሩ አለቀ። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። አሜሪካዊው ኪርካም የተባለ ድርጅት ቀድሞ የሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች ይሠሩበት በነበረ የፖላንድ ፋብሪካ ቦዲዎቹን በአሉሚኒየም ያስቀጠቅጥ ነበር። እንዲህ ያለችውን ግልባጭ የሚለየው የሻንሲ ቁጥሩና የሼልቢ ክበብ እያንዳንዱን መኪና በየቁጥሩ የመዘገበበት ጥራዝ ብቻ ነው።

ያ ቁጥር ስንት ያወጣል? ሲኤስኤክስ 2000 ሼልቢ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ በ13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በዚህ ዋጋ የተገዛች መኪና ዝናብ አያገኛትም፤ ጠጠር አይነካትም። የግልባጭ ፍቅር እዚህ ላይ ይገባኛል። ፋክተሪ ፋይቭ የተባለው የማሳቹሴትስ ድርጅት ሻንሲውንና ቦዲውን በሳጥን ይልካል፤ ገዢው ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የኋላ አክሰሉን ከአሮጌ ሙስታንግ ፈትቶ ቅዳሜና እሑድ በገዛ ጋራዡ ይገጣጥማል። ሱፐርፎርማንስ የተባለው ድርጅት ኮብራዎች ደግሞ የሚሠሩት በዚሁ በአፍሪካችን፣ ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው የደቡብ አፍሪካ ከተማ ነው። የሼልቢና የፎርድ ታሪክ በ2019 በፊልም ሲሠራ ካሜራ ፊት ከሮጡት መኪኖች በርካታዎቹ የዚህ ድርጅት ናቸው። ኮብራን በፊልሙ አይቶ የተደመመ ሰው ያደነቀው የአፍሪካውያንን የእጅ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

የብራና ዳዊት የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ከፊቱ ካለው መጽሐፍ ፊደል በፊደል ይገለብጣል፤ አታላይ የሚለው ግን የለም። መጨረሻው ላይ ስሙን አስፍሮ ጸልዩልኝ ይላል። ግልባጭ መኪናም ሠሪው ስሙን እስካልደበቀ ድረስ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው የሐሰት የሻንሲ ቁጥር ሲለጠፍ ነው። በ1993 ሎስ አንጀለስ ታይምስ በሼልቢ የ1960ዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው የወጡ አንዳንድ ሻንሲዎች አዲስ የተሠሩ መሆናቸውን ዘግቦ ነበር። በሌላ በኩል በ2019 የቦሎኛ ፍርድ ቤት የፌራሪ 250 ጂቲኦን ቅርጽ የጥበብ ሥራ ነው ብሎ ከግልባጭ እንዲጠበቅ ወስኗል። እኔ በዚህ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የተሠሩት ጂቲኦዎች 36 ያህል ብቻ ናቸው፤ በ2018 አንዷ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ግልባጭ ካልተሠራላት ያቺን ቅርጽ በመንገድ ላይ ስትሄድ የሚያይ ሰው ከየት ይመጣል?

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ላይ ሰማያዊ ኮብራ ብታዩ ጠጋ በሉ። «እውነተኛ ናት?» አትበሉ፤ ባለቤቱ ያንን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። «ማን ሠራት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚመልስላችሁ የሠራት ሰው ራሱ ነው።