ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ታብሌት

ፋርማሲ ገብታችሁ ታብሌት ብትሉ ኪኒን ይሰጧችኋል፤ ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ያሉ ሱቆች ግን ስክሪን ያለውን ያወጡላችኋል፡፡ የእኛ ቤት የመጀመሪያው ታብሌት ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ነው የመጣው፡፡ እናቴ "እንዳትነኩት!" ብላ ቡፌ ውስጥ ቆለፈችበት፡፡ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ…

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በየመንደሩ 20 ያህል ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ከነካርቶናቸው ሰጠ፡፡ አስተማሪ የለ፣ መብራት የለ! ባትሪው የሚሞላው በፀሐይ ነበር፡፡ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንዳሉት አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፡፡ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽን ይከፍት ጀመር፡፡ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት፡፡

እርግጥ ይህን የሚነግሩን የፕሮጀክቱ ባለቤት ናቸው፡፡ ኤቢሲዲን መዝፈንና ማንበብ መቻልም ለየቅል ነው፤ ለዚያውም ሀ ሁን ሳይቆጥሩ በእንግሊዝኛ!

ካሜራዋ ግን ታስቀናኛለች፡፡ የእኛ ቡፌ ተከፍቶ ታብሌቱ እጃችን ሲገባ ባትሪው አብጦ ነበር፡፡