ፒስተንና የሶዶ ዳገት

ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ እየተመላለሰ የጋዝን ግፊት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጥ የሞተር አካል ነው። በወላይታ ሶዶ ዳገት የሚወጡት ባጃጆች ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከአንድ ፒስተን ነው።

የባጃጅ ሞተር ባለ አራት ምት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያምቃል፤ ካንዴላው ብልጭ ሲል የነደደው ጋዝ ቁልቁል ይገፋዋል፤ መልሶ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሌሎቹን የሚያሻግረው የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር ከሚለውጠው ክራንክ ሻፍት ጋር የታሰረው ከባድ መሽከርከሪያ ነው። በናፍጣ የሚሠራ የወፍጮ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም፤ አየሩ ክፉኛ ታምቆ ስለሚግል ናፍጣው እንደተረጨ ይነድዳል።

የግፊቱን ብርታት በኩንታል መመዘን ይቻላል። ዲያሜትሩ 6 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፒስተን ላይ 40 ባር ቢያርፍ 11 ኩንታል ተኩል ገደማ እንደተጫነበት ይቆጠራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ጫና በሰከንድ 25 ጊዜ ይመላለሳል።

ፒስተኑ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ ሲግል ከብረት ሲሊንደሩ ይልቅ ይሰፋል። ስለዚህ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱን የሚዘጉት ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶች ናቸው። (ቃሉ የጣሊያን ውርስ ነው፤ የቁስል ማሰሪያውም ስሙ ይኸው ነው።) የፋሻ ዋና ጠላት አቧራ ነው። ፋሻው ሲበላ ዘይት ወደ ላይ ሾልኮ ይነድዳል፤ ጭሱም ሰማያዊ ይሆናል።

የአቅም ማነስ ሁሉ ግን የፋሻ ጥፋት አይደለም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆላማዋ አርባ ምንጭ ላይ ቀልጠፍ ያለ ሞተር እዚህ ዳገት ላይ ቢለግም አያስደንቅም፤ ለዚህ ተብሎ ሞተር ማውረድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥርጣሬ ካለ ቀላል መለያ አለ። መጀመሪያ እመቃው ይለካል፤ ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ልኩ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ክዳኖቹ፣ ማለትም ባልቦላዎቹ፣ ይታዩ።