ከዳይም ሳንቲም እስከ በረዶ ባልዲ፦ ለሕሙማን የሚቀርብ ሕዝባዊ ጥሪ ታሪክ

ሆስፒታሎች ሲታነጹ፣ ክትባቶች በምርምር ሲገኙ፣ የተራቡ ወገኖች ሲመገቡ ከመንግሥት በጀት ጎን ለጎን የሕዝብ መዋጮ ሰፊ ድርሻ እንደነበረው ይታወቃል። ሕዝቡ እንዲለግስ የሚቀርብለት ጥሪ ግን በየዘመኑ መልኩን ሲቀያይር ቆይቷል። ዛሬ ይህ ጥሪ በአብዛኛው የሚተላለፈው በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ነው። በሀገራችንም የታማሚ ፎቶግራፍ፣ የሐኪም ማስረጃና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንድ ላይ ሆነው በፌስቡክና በቴሌግራም ሲሠራጩ ማየት የተለመደ ሆኗል። ማስረጃውን የሚጽፈው የጤና ባለሙያ በመሆኑ፣ የጥሪው ታሪክ እኛንም በቅርብ ይመለከተናል። በዚህ ጽሑፍ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፌስቡክ የተላለፉ ሦስት ታላላቅ ጥሪዎችን እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሬዲዮው ጥሪ

ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ኋላ የመጡ አንዳንድ ሐኪሞች ምርመራውን ቢጠራጠሩትም፣ በወቅቱ ሕመሙ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ ነው ተባለ። ሩዝቬልት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ከ1934 ጀምሮ በልደታቸው ቀን በየከተማው የዳንስ ምሽት እየተዘጋጀ ገንዘብ ይሰበሰብ ጀመር። በጃንዋሪ 1938 ደግሞ ብሔራዊ የልጅነት ልምሻ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በዚያው ወር ኮሜዲያኑ ኤዲ ካንተር በሬዲዮ ቀርቦ፣ እያንዳንዱ አድማጭ አንድ ዳይም፣ ማለትም የ10 ሳንቲም ገንዘብ፣ በቀጥታ ወደ ዋይት ሐውስ እንዲልክ ጠየቀ። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በፖስታ ተጥለቀለቀ፤ 2,680,000 ዳይም ተቆጠረ። ድምሩ 268,000 ዶላር መሆኑ ነው።

የዚህ ጥሪ ኃይል ከልገሳው ማነስ የመነጨ ነበር። 10 ሳንቲም ድኻውም ሕፃኑም ሊሰጠው የሚችል በመሆኑ በሽታው የሁሉም ጉዳይ ሆነ። ፋውንዴሽኑም የአንድ ወር ግርግር ሆኖ እንዳይቀር በየአውራጃው ቅርንጫፍ አቋቁሞ መዋጮውን በየዓመቱ ሰበሰበ፤ የብረት ሳንባ የሚባለውን የመተንፈሻ መሣሪያ ገዛ፤ የሕሙማንን የሆስፒታል ወጪ ሸፈነ፤ ምርምርንም ደገፈ። በ1952 በአሜሪካ ወደ 58,000 የሚጠጉ ሰዎች በፖሊዮ ሲያዙ ከ3,000 በላይ ሞተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ የዶክተር ጆናስ ሶልክ ክትባት 1.8 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ተፈተነ። የጥናቱን ወጪ የሸፈነውም ይኸው የሕዝብ መዋጮ ነበር። ክትባቱ ውጤታማ መሆኑ አፕሪል 12 ቀን 1955 ተበሠረ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ እንከን አልነበረውም። ክትባቱ በታወጀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ አምራች የወጣው ክትባት በሚገባ ያልሞተ ቫይረስ ይዞ በመገኘቱ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ሽባ ሆኑ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። በሌላ በኩል ሩዝቬልት ያቋቋሙት የዋርም ስፕሪንግስ ማዕከል ጥቁር ሕሙማንን አይቀበልም ነበር። ለእነርሱ በ1941 በተስኪጊ በፋውንዴሽኑ ገንዘብ የተለየ ማዕከል እስኪከፈት ድረስ፣ የጥቁር ሕፃን ወላጅ የሚሰጠው ዳይም እኩል ሲቆጠር ልጁ ግን እኩል አይታከምም ነበር።

የቴሌቪዥኑ ጥሪ

ሁለተኛው ጥሪ ከሀገራችን ምድር የተነሣ ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ተላለፈ። ዘገባውን በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። አየርላንዳዊው ድምፃዊ ቦብ ገልዶፍ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለዕርዳታ የሚውል ዘፈን ከባልንጀሮቹ ጋር አሳተመ፤ ጁላይ 13 ቀን 1985 ደግሞ በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በሳተላይት ለዓለም ታየ።

ገልዶፍን ከነኩት ምስሎች አንዱ የአንዲት የጤና ባለሙያ ምስል ነበር። በመቀሌ ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ያገለግሉ የነበሩት ነርስ ክሌር በርቺንገር፣ ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ በሰልፍ ከተቀመጡት ሕፃናት መካከል ወደ ምገባው ጣቢያ የሚገቡትን የመምረጥ ግዴታ ወድቆባቸው ነበር። ይህ ምርጫ ለብዙ ዓመታት ሕሊናቸውን እንዳስጨነቀው ኋላ ገልጸዋል። ተመልካቹ ለአንድ ደቂቃ ያየው ነገር ለባለሙያዋ የዕድሜ ልክ ሸክም ሆኖ ቀርቷል።

ምስሉ ብዙ ሕይወት ያዳነ ዕርዳታ እንዳስገኘ አይካድም። ነገር ግን ምስሉ ድርቁን እንጂ በሰሜን ይካሄድ የነበረውን ጦርነት አላሳየም፤ የሕፃኑን አጥንት ሲያሳይ ስሙንና የወላጆቹን ጥረት አልነገረም። ለዓመታት ኢትዮጵያ በውጭው ዓለም የታወቀችው በዚያ ምስል ነበር። ይህ ወቀሳ ፍሬ አፍርቶ የአውሮፓ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በ1989 የምስልና የመልእክት ሥነ ምግባር ደንብ አጸደቁ፤ በ2006ም አሻሻሉት። የደንቡ ፍሬ ነገር የሰውን ክብር መጠበቅ፣ እውነታውን ከነመንሥኤው ማሳየትና ፈቃድ መጠየቅ ነው።

የፌስቡኩ ጥሪ

በ2014 የበጋ ወራት በአሜሪካ የተጀመረው ጥሪ ደግሞ ጣቢያም አዘጋጅም አልነበረውም። አንድ ሰው በረዶ የተሞላ ባልዲ ውኃ በራሱ ላይ እያፈሰሰ ራሱን ይቀርጻል፤ ሌሎችንም በስም ጠርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሁ እንዲያደርጉ ወይም እንዲለግሱ ይጋብዛል። ጨዋታው አስቀድሞ ለልዩ ልዩ በጎ አድራጎት ይውል ነበር፤ በጁላይ ወር ግን ኤ.ኤል.ኤስ. ከተባለው፣ የእንቅስቃሴ ነርቮችን እየገደለ ጡንቻን ከሚያልመው በሽታ ጋር ተያያዘ። በዚሁ በሽታ የተያዙት ፓት ክዊንና የቀድሞው የቤዝቦል ተጫዋች ፒት ፍሬትስ ዘመቻውን አስፋፉት። በፌስቡክ ከ17 ሚሊዮን በላይ ቪዲዮዎች ተለቀቁ። የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ. ማኅበር ከጁላይ 29 እስከ ኦገስት 29 ባለው አንድ ወር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ በ2013 በተመሳሳይ ጊዜ ያገኘው 2.8 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ጠቅላላው ገቢ 115 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ብዙዎች ዘመቻውን የስንፍና በጎነት ብለው ነቅፈውታል። ማኅበሩ ግን ከገቢው 77 ሚሊዮን ያህሉን ለምርምር መደበ። ድጋፍ ካገኙት ጥናቶች አንዱ ኤን.ኢ.ኬ.1 የተባለው ዘረ መል ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳለው በ2016 አሳወቀ። ማኅበሩ ለአንድ አዲስ መድኃኒት ጥናትም 2.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። 137 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተስፋ ሰጪ ውጤት በማሳየቱ መድኃኒቱ በሴፕቴምበር 2022 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሆኖም 664 ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቁ ጥናት በማርች 2024 መድኃኒቱ ከፕላሴቦ የተሻለ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ በሚቀጥለውም ወር አምራቹ መድኃኒቱን ከገበያ አነሣ። ፍሬትስ በ2019፣ ክዊን በ2020 ዐርፈዋል።

ይህን እንደ ውድቀት ብቻ መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል። መድኃኒት አይሠራም የሚል የታመነ መልስም የጥናት ውጤት ነው፤ ሕሙማንን ከከንቱ ወጪ ያድናል። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። በማግስቱ ዓመት ዘመቻው ሲደገም የተገኘው ገንዘብ ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የዳይሙ ሕዝብ ለ17 ዓመታት በየጊዜው ሲሰጥ ከክትባት ደርሷል፤ የባልዲው ሕዝብ ግን በአንድ ክረምት ሰጥቶ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ማኅበራዊ መገናኛ የሰውን ዐይን በአንድ ሌሊት ይስባል፤ ዐይኑን ለዓመታት የማቆየት ሥራ ግን እንደ ትናንቱ ሁሉ የቅርንጫፍ፣ የሒሳብ መዝገብና የታመነ ተቋም ሥራ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ከሦስቱ ታሪኮች ለዕለት ሥራችን የሚበጅ ነገር እናገኛለን። አንድ ቤተሰብ ለኩላሊት ወይም ለልብ ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ የሐኪም ማስረጃ ሲጠይቅ፣ ወረቀቱ በብዙ ሺሕ ሰዎች ስልክ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ አለብን። በመሆኑም ታማሚው ምን እንደሚገለጥበት ሊነገረውና በራሱ ፈቃድ ሊወስን ይገባል፤ ሕፃን ከሆነ ነገ አድጎ ምስሉን እንደሚያየው ለወላጆቹ ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው። ሕክምናው ሊያስገኝ የሚችለውን ውጤትም ሳናጋንን መጻፍ ይኖርብናል፤ ለጋሹ የሚያምነው ፎቶግራፉን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ፊርማም ነውና።

ከሁሉም በላይ መዘንጋት የሌለበት፣ ፎቶግራፉ ዐይን የማይስብለት ታማሚ መኖሩ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛው፣ አረጋዊው፣ ዘመድ የሌለው ሰው በፌስቡክ ጥሪ አይቀርብላቸውም። በመቀሌ የነርሷ ምርጫ በምግብ ማነስ የመጣ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ምርጫ ተመልካቹ በጣቱ ሲያከናውነው ይውላል። ጥሪው የማይደርስላቸውን ሰዎች ቆጥሮ ለተቋማትና ለበጀት ወሳኞች ማሳሰብ፣ በየዋርዱ በየቀኑ የሚያያቸው የጤና ባለሙያ ኃላፊነት ነው።